የሣሩ ሸለቆ ፈረስ ገሪ

አንድ የሣር ሸለቆ ነበር። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል፤ ሣሩ ያን ውሃ ይጠጣል፤ ያን ሣር የጋጠ ውርንጭላ ደግሞ አጥንቱ ይጠነክራል ይባላል። የሸለቆው ሰዎች የወርቅ ጉድጓድ የላቸውም፤ የታላላቅ ነጋዴዎች መናኸሪያም አልሆኑም። ያላቸው ፈረስ ነው። በየዓመቱ ብርዱ ወጥቶ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ የየመንደሩ ፈረሶች በአንድ ሰፊ ሜዳ ይሽቀዳደማሉ፤ በዚያ ሰሞን ሸለቆው ውስጥ ሱቅ የሚከፍት፣ ሰርግ የሚደግስ፣ ከጎረቤቱ ጋር የሚካሰስ አይገኝም። እናት ልጇን ስታስተኛ የምትቆጥርለት የድሮ ፈረሶችን ስም ነው። ሰው ሲሞትም «በእንዲህ ያለው ድል ዓመት የተወለደው» ተብሎ ይለቀስለታል።

ታዲያ አንድ ዘመን ላይ ድሉ ራቀ። ዐሥር ዓመት አለፈ፤ ዋንጫው ወደ ሸለቆው አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ አንድ ገሪ አመጡ፤ አልሆነላቸውም፤ አሰናበቱት። ሌላ ፈለጉ። በታላቁ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ስሙ የገነነ ፈረስ ገሪ ነበር። ባለፈው ዓመት ፈረሱ ሜዳውን ሁሉ መርቶ በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ነው የተቀደመው። የወንዝ ዳር ሰዎች በዚያ ሽንፈት አልቅሰው ሲያበቁ «እሱ ካለልን የነገው የእኛ ነው» እያሉ ይጽናኑ ነበር።

የሸለቆው ሽማግሌዎች በሌሊት መልእክተኛ ላኩ። ምን ያህል እንደተነገረው፣ ምን ቃል እንደተገባለት የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ገሪው መጣ። ብቻውንም አልመጣም፤ የወንዝ ዳር ሰዎች ለመጪው ዓመት ተስፋ የጣሉባቸው ውርንጭሎች ተከትለውት መጡ። ውርንጭላ የሚከተለው በረቱን አይደለም፣ የለመደውን ድምፅ ነው።

በዚያ ሌሊት ሸለቆው ውስጥ የተኛ የለም። ከበሮ ተመታ፤ በየደጃፉ እሳት ነደደ፤ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች ተቃቀፉ። በዕልልታው መሐል የኮርቻ ሰፊው ልጅ፣ ዐሥር ዓመት ያልሞላት፣ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማዬ፣ የወንዝ ዳር ሰዎች አሁን ምን ይጋልባሉ?»

«ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ዝም በይ» አለቻት እናቷ።

ገሪው ሥራውን ያውቃል። ይህን የሚክድ ሰው በሸለቆው ውስጥ አልነበረም፣ ኋላም በተጣሉት ጊዜ ቢሆን። በሦስተኛው ዓመት ዋንጫውን አመጣ። አሠራሩ ግን ሸለቆው ከለመደው የተለየ ነበር። ድሮ አንድ ፈረስ አራት ዓመት ሙሉ በሸለቆው ይጋልብ ነበር፤ ልጆች ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያውቁታል፣ ሲያረጅም ይሸኙታል። ይህ ገሪ ከየአገሩ ምርጥ ምርጡን ይሰበስብና አንድ ዓመት አሠልጥኖ ወደ ንጉሡ በረት ይልካል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ይመጣሉ። አንድ ዓመት ብቻ የሚቆይ ፈረስን መውደድ ከባድ ነው። ስሙን ለምደህ፣ አረማመዱን ከሩቅ መለየት ስትጀምር ይሄዳል። ሸለቆው ግን ተማረ፤ የሚሄደውን እየሸኘ የሚመጣውን ማቀፍ ልማዱ ሆነ። አንድ ዓመትማ ፈረሶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም ሳይቀድማቸው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ተቀደሙ። ስለዚያ ዓመት የሚያወሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ውሉ የተጻፈው። ሌላ መንደር እንዳይወስድባቸው የሰጉት ሽማግሌዎች ገሪውን ጠርተው «እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ የእኛ ነህ» አሉት፤ እሱም «የእናንተ ነኝ» አለ። ጸሐፊው ሁሉንም በብራና አሰፈረ። ከታች በኩል፣ ሰው የማያነበው ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር ነበረች፤ ሸለቆው ገሪውን ካባረረ ስድሳ ባዝራ ይከፍላል።

ቀጥሎ ክፉ ዓመታት መጡ። ስሟን አዋጅ ነጋሪው እንኳ አጣርቶ መጥራት ከማይችል መንደር የመጣ ፈረስ የሸለቆውን ምርጥ ፈረስ ቀደመው። ሰው «አንድ ጊዜ ነው፣ ያጋጥማል» አለ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ፣ ከዚያችም የማትሻል መንደር። ከሜዳው ሲመለሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ ገሪውን ሰደበው። ሽማግሌዎቹ ማታ ማታ ተሰብስበው ባዝራዎቹን ይቆጥራሉ፤ ስድሳ ከሰጡ በረቱ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ አላባረሩትም። «ቆይልን» ያለውም ግን የለም። እሱም ጧት ይመጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይገባል። ያቺ መስመር የተጻፈችው ፍቅራቸውን ለመጠበቅ ነበር፤ ፍቅሩ ካለቀ በኋላ ግን ሁለቱንም ወገን አንድ ቤት ውስጥ ቆልፋ አስቀመጠቻቸው።

በዚህ መካከል የኮረብታው ሰዎች መጡ። የራሳቸው ገሪ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዶባቸው ነበር። ሸለቆው አንድ ጧት ሲነቃ የገሪው ቤት ባዶ ነው፤ «ይህ ቦታ ሌላ ድምፅ መስማት ይበጀዋል» የሚል መልእክት ብቻ ትቶ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው ያን ዕለት ነው፤ በወፍጮ ቤት፣ በጉድጓዱ ዳር፣ በየበረቱ። በሦስተኛው ቀን መላው ሸለቆ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰበ።

ባለወፍጮው ቀድሞ ተነሣ። «ከድቶናል!» አለ። «እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ብሎ የማለው በማን ፊት ነው? በእኛ ፊት አይደለም ወይ? እኔ ልጄን በስሙ ጠርቻለሁ። አሁን ልጄን ምን ብዬ ልጥራው?»

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ የገፋነውማ እኛ ነን» አለ ሽማግሌው ባልደራስ። «ባለፈው ጊዜ ከሜዳ ሲመለስ በመንገዱ ዳር ቆማችሁ ያላችሁትን እኔ ሰምቻለሁ፤ ሚስቱም ሰምታለች። ሰው በየቀኑ እየተሰደበ ‹ቃሌን እጠብቃለሁ› ብሎ እንዲኖር ትፈልጋላችሁ?»

ከኋላ ያሉት ወጣቶች ጮኹ። «ሄደልን እንጂ! ስድሳ ባዝራ ተረፈን! ይልቅ አመስግኑ!»

«ለገንዘብ ነው የሄደው» አለ አንድ ነጋዴ።

«የኮረብታው ሰዎች የሚከፍሉት እኛ ከምንከፍለው ያንሳል» ሲል ሌላው መለሰለት።

«እንዲያማ ከሆነ ይብሳል! በትንሽ ዋጋ ነዋ የተወን!»

እንዲህ እየተባባሉ መሸ። ዋንጫውን የሚያነሣ አለ፤ ሽንፈቶቹን በጣቱ የሚቆጥር አለ፤ የሚያለቅስም ነበር። ከዚያ ኮርቻ ሰፊዋ ተነሣች። ያች ትንሽ ልጅ አድጋ የአባቷን ሙያ ይዛለች፤ ለንግድ ያልሄደችበት መንደር የለም።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። «አንድ ሰው በጉባኤ መሐል ተነሥቶ ‹ከድቶናል፣ እኔ ልጄን በስሙ ጠርቻለሁ› አለ።»

ባለወፍጮው ፊቱ ቀላ። «በእኔ ልትስቂ ነው የተነሣሽው?»

«አልሳቅሁም፣ ጋሼ። እንዲህ ያለው የወንዝ ዳር ዓሣ አጥማጅ ነው። ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ኮርቻ ልሸጥ ሄጄ እነሱ ቤት ነው ያደርኩት። ሌላው ተነሥቶ ‹ለገንዘብ ነው የሄደው› አለ። ሌላው ‹እኛ ስላላከበርነው ነው› አለ። ሌላው ‹ያለ እሱም እንኖራለን› አለ። ሦስት ቀን ተከራከሩ። እኛ እዚህ ከበሮ ስንመታ እነሱ እንዲህ ይሉ ነበር።»

አዳራሹ ዝም አለ።

«ከዚያስ ምን ሆኑ?» ሲል ባልደራሱ ጠየቃት።

«ከዚያ የሜዳው ዳኞች መጡባቸው። ካለፈው ዓመት ፈረሶች አንዱ ያለ ደንብ የተመዘገበ ነው ተባለ፤ ያ በመጨረሻዋ እርምጃ የተሸነፉበት ዓመት እንኳ ከመዝገብ ተፋቀ። ውርንጭሎቹን አጡ፣ ገሪውን አጡ፣ ትዝታቸውንም የነበረ አይደለም ተባሉ። ገሪው ያን ጊዜ እዚህ ነበር። ቅጣቱ የወደቀው እዚያ በቀሩት ላይ ነው።»

«ታዲያ አይመማችሁ ነው የምትዪን?» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ይህን ሁሉ ዘመን የደከምነው፣ በብርድ የቆምነው፣ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ነገር ምንም አይደለም ነው የምትዪን?»

«ይመማችሁ እንጂ። እኔንም አሞኛል። ግን የሽማግሌዎቹ መልእክተኛ ዛሬ ማታ በምዕራብ ተራሮች መንገድ ላይ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲሱን ገሪ ይዞ ሲመለስ የተራራው ሰዎች ምን እንደሚጋልቡ የሚጠይቅ ይኖራል?»

መልስ የሰጣት አልነበረም። አንዳንዱ ተነሥቶ ወጣ። ባለወፍጮው ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሱ እኮ የእኛው ልጅ ነው፤ እዚሁ ነው የጋለበው» አለ። እውነቱን ነው። መልእክተኛው በመጀመሪያ ስመ ጥር ገሪዎችን ጠይቆ እምቢ ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተገኘው በወጣትነቱ የሸለቆውን ቀለም ለብሶ ዋንጫ ያመጣ ሰው ነው። ስሙ ሲሰማ ብዙዎች አጉረመረሙ። የመጣ ዕለት ግን ከድሮ ባልንጀሮቹ ጋር ያን የጥንት ዋንጫ ይዞ ሲገባ ሜዳው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ኮርቻ ሰፊዋም ከሕዝቡ ጋር ቆማ ዕልል አለች። ከተራራው ሁለት ፈረሶች ተከትለውት ነበር።

በዓመቱ የድሮው ገሪ የኮረብታውን ፈረሶች ይዞ ወደ ሸለቆው መጣ። ሕዝቡ ጮኸበት፤ የጮኸበት ጩኸት እስከ ሩቅ ተሰማ። እሱ አሸነፈ። በፈረሶቹ መሐል ባለፈው ዓመት ኮርቻ ሰፊዋ ራሷ የሰፋችላቸው ሦስቱ ነበሩ። አንዱን በስሙ ጠራችው፤ ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ።

በዚያው ዓመት ኮርቻዎቿን ጭና ወደ ምዕራብ ተራሮች ሄደች። የተራራው ሰዎች ገበያ መሐል ቁጭ ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ምን እንደሚሉ ሳትሰማ ታውቃለች። ከየት እንደመጣች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ወሬው ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። አንዲት አሮጊት ግን ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ፈረሶቻችን እንዴት ናቸው?» ሲሉ ጠየቋት። እሷም ዕቃዋን ሳታወርድ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ የትኛው በደንብ እንደሚበላ፣ የትኛው እግሩን ታሞ እንደነበር፣ ልጆች ምን ብለው እንደሚጠሩት።

የዚህ ተረት ሸለቆ በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ነው፤ ከተማው ሌክሲንግተን፣ ፈረሱም የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን። ኬንታኪ የራሷ የኤንቢኤ ቡድን የላትም፤ በአሜሪካ እግር ኳስም ሆነ በቤዝቦል በትልቁ ሊግ የሚጫወት ቡድን የላትም። ስለዚህ ይህ የተማሪዎች ቡድን የከሰል ቆፋሪውም፣ የገበሬውም፣ የሐኪሙም ነው። ስምንት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። ራፕ አሬና የተባለው ሜዳው ከ20 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል።

ገሪው አሰልጣኙ ጆን ካሊፓሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ በ2012 ዋንጫውን አነሣ፤ በ2015 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫው ሁለት ጨዋታ ሲቀረው በዊስኮንሲን ተሸነፈ። በ2019 ሰዎች «የዕድሜ ልክ» ያሉትን የ10 ዓመት ውል ፈረመ። ከዚያ በ2022 ሴንት ፒተርስ፣ በመጋቢት 2024 ደግሞ በሚሺጋን ያለው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ከውድድሩ አስወጡት። ዩኒቨርሲቲው ሊያባርረው ቢፈልግ ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል ነበረበት። በሚያዝያ 2024 ራሱ ወደ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ የአዲሱ ቦታ ደመወዝ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከኬንታኪው ያነሰ ነበር። በእኔ እምነት ያ የ33 ሚሊዮን ዶላር መስመር ከየትኛውም ሽንፈት በላይ ጎድቷቸዋል። ተዋደው መኖር ያልቻሉ ሰዎች ቢያንስ በወጉ ተሰነባብተው መለያየት ነበረባቸው፤ መስመሯ ያንንም ከለከለቻቸው።

«ከዳን» የሚለውም ደጋፊ፣ «ገፋነው» የሚለውም፣ «ተገላገልን» የሚለውም እውነት ይዟል። የእኔ ቅሬታ ሦስቱም እሱንና ራሳቸውን ብቻ መቁጠራቸው ነው። በ2009 ለሜምፊስ ቃል የሰጠው ተጫዋች ደማርከስ ከዚንስ ካሊፓሪን ተከትሎ ኬንታኪ ሲገባ ሌክሲንግተን በዕልልታ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤንሲኤኤ፣ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል፣ ሜምፊስ እስከ ፍጻሜ የደረሰበትን የ2008 ውጤት በአንድ ተጫዋች የመግቢያ ፈተና ምክንያት ሰረዘ። ካሊፓሪ በግሉ ጥፋተኛ አልተባለም፤ የሄደውም ቀድሞ ነው። በ2024 ካርተር ኖክስ፣ ቢሊ ሪችመንድና ቡጊ ፍላንድ ለኬንታኪ ቃል ከሰጡ በኋላ ካሊፓሪን ተከትለው አርካንሶ ገቡ፤ ዲጄ ዋግነር፣ አዱ ቲየሮና ዝቮኒሚር ኢቪሲችም ከኬንታኪ ወጥተው ተከተሉት። ሌክሲንግተን አዘነ። ካሊፓሪ በሄደበት ሳምንት ማርክ ፖፕ፣ የ1996ቱ የኬንታኪ ሻምፒዮን ቡድን አምበል፣ ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ጃክሰን ሮቢንሰንና ኮሊን ቻንድለር ተከተሉት። ሌክሲንግተን ራፕ አሬናን ሞልቶ ጨፈረ። ዛሬ ተጫዋቾች በየዓመቱ ቡድን መቀየር ስለተፈቀደላቸው «ልጆቹ ታማኝነት የላቸውም» የሚል ወቀሳ በየቦታው ይሰማል። እነዚህ የ18ና የ19 ዓመት ልጆች ታማኝነትን የሚማሩት ከማን ነው? ቤታቸው ድረስ ሄደው ቃል የገቡላቸው አሰልጣኞች ናቸው ቀድመው የሚሄዱት።

ደግሞ ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ካሊፓሪ በሄደበት ሰሞን በዳላስ ያለው ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን አሰናበተና አንዲ ኤንፊልድን ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወሰደ። ደቡብ ካሊፎርኒያ ኤሪክ ሙሰልማንን ከአርካንሶ ወሰደ፤ አርካንሶ ካሊፓሪን ከኬንታኪ፣ ኬንታኪ ፖፕን ከብሪገም ያንግ፣ ብሪገም ያንግም ኬቨን ያንግን ከኤንቢኤው ፊኒክስ ሰንስ። በእያንዳንዱ ከተማ የተከራከሩት ሰዎች እንደ ኬንታኪዎቹ በሙሉ ልባቸው ነው የተከራከሩት።

ቁጣው ዘላለማዊ እንዳልሆነ ሌክሲንግተን ራሷ ታውቃለች። የኬንታኪ አሰልጣኝ የነበረው ሪክ ፒቲኖ የ1996ቱን ዋንጫ አምጥቶ በ1997 ወደ ቦስተን ሴልቲክስ ሄደ፤ በ2001 ደግሞ የኬንታኪ ባላንጣ የሆነውን ሉዊቪልን ያዘ። ለዓመታት ራፕ አሬና ሲገባ «ከሃዲ» እየተባለ ተጮኸበት። በጥቅምት 2024 በዚያው ሜዳ፣ በዓመቱ መክፈቻ በዓል ላይ፣ እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። ሰውየው የሠራው ሥራ አልተቀየረም፤ የሄደውም እንደሄደ ነው። አብረው ያሳለፉት መልካም ዘመን ግን ከ27 ዓመት በኋላ ቦታውን አገኘ። ካሊፓሪ በየካቲት 2025 አርካንሶን ይዞ ሲመጣ ተጮኸበት፤ 89 ለ79 አሸንፎ ሄደ። በኬንታኪ 410 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ 27 ዓመት መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በመጋቢት 2025 ኬንታኪ፣ አርካንሶና ብሪገም ያንግ ሦስቱም በአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ የመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች ውስጥ ገቡ። አርካንሶ እዚያ የደረሰው የፒቲኖን አዲስ ቡድን፣ ሴንት ጆንስን፣ አሸንፎ ነው። ከዚያ ግን ኬንታኪን ቴነሲ፣ አርካንሶን ቴክሳስ ቴክ፣ ብሪገም ያንግን አላባማ አሸነፏቸው፤ ሦስቱም በአንድ ዙር ወደየቤታቸው ተመለሱ።